ባዶ ነው ብየ የጻፍሁት መስክ

ወረታ ስገባ ዕድሜየ ሃያ ነበር። ዕውቀቴ ግን፣ በራሴ ግምት፣ ስልሳውን አልፎታል። በሐምሌ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ፣ በጳጉሜ ሰርተፊኬቴን በካርቶን ጠቅልየ፣ ታኮ ጫማየን ተጫምቼ፣ ከጎንደር በመጣ የጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ መንታ መንገዱ ላይ ወረድሁ። የመጀመሪያውን እርምጃ ስራመድ ግራ ጫማየ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አንድ ባለሱቅ ከደጃፉ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ አገሩ ተቀበለሽ!» አለኝ። አኮረፍሁት። እስከ ጥምቀት ድረስ ከእሱ ሱቅ ሳሙና አልገዛሁም።

እውነቱን ልናገርና አገሩን አልወደድሁትም። ጭቃው፣ ትንኙ፣ እንቁራሪቱ! ከሁሉ የባሰው ደግሞ ጥያቄው ነው። ከአምስት አስተማሪዎች ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ስለዚህ አከራየም፣ ቄሱም፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጠዋም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «የማን ልጅ ነሽ?» የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ። አያውቁትም። «እሽ፣ የማን ሚስት ነሽ?» የማንም። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አስተምራለሁ ስላቸው በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ገና ጠመኔው ከእጄ ሳይለቅ የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ጀመርሁ። ጽሕፈቴ ያምራል። ማመልከቻዎቼ ሁሉ ያምሩ ነበር። መልስ ግን አይመጣም።

በዚህ መሐል ነው ቀኛዝማች አስናቀ የመጡት። ቀኛዝማች የደጋ ሰው ናቸው፤ ሆዳቸው ከበቅሏቸው ቀድሞ ይደርሳል። የሚፈልጉት ነገር ቀላል ነበር። ከወረታ ወዲያ፣ እስከ ጣና ድረስ ከተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ አንድ ሰፊ መስክ በስማቸው እንዲሆንላቸው። ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ለሚገባው ሰው ይሰጣል፤ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ቀኛዝማች ቅንጣት ጥርጥር አልነበራቸውም። የጎደላቸው ምስክር ብቻ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ «ጽሕፈትሽ ያምራል አሉ።»

«ይባላል፣ ጌታየ።»

«የተማረ ምስክር አምጣ ተብያለሁ። ጭቃ ሹሙማ ጣቱን ነው የሚያትም፤ የጣት ነገር ደግሞ በግ ከሰጠኸው የማንም ይታተማል። አንቺ ግን ፊርማ አለሽ።»

«ምን ላይ ነው የምፈርመው?»

«ባዶ መሬት ባዶ ነው በይ። ውሸት ተናገሪ አላልሁሽም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጎንደር አንድ ዘመድ አለኝ። ዝውውር በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው። ለገና እናትሽ ዘንድ ነሽ።»

አንባቢዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ተናድጄ እነሣለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። «ለገና» የሚለውን ቃል እንደሰማሁ ከእሳቸው ቀድሜ ጃንጥላየን አነሣሁ።

ያን ዕለት፣ በመስከረም ማለቂያ፣ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ይዘውኝ ወጡ። ከላይ ሆነን ወደ ታች አየን። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውሃ አልብሶታል። ቤት የለም፣ ጎጆ የለም፣ አንድም ላም የለችም። ወፍ ብቻ፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ ረጅም እግር ያለው፣ አጭር እግር ያለው፣ ዓይነቱ የማይቆጠር ወፍ።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

«ውሃና ወፍ።»

«እሰይ! እሱን ጻፊ።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጻፍሁት። ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ይህ መሬት ሰው የማይኖርበት፣ እርሻ የማያውቀው፣ ከብት የማይሰማራበት፣ ከወፍና ከእንቁራሪት በቀር ማንንም የማይጠቅም ጠፍ መሬት መሆኑን በዓይኔ አይቼ መስክሬአለሁ።» «በዓይኔ አይቼ» የምትለዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቀኛዝማች አላዘዙኝም። ለማሳመር ነው።

ፊርማው ግን መሬቱ በቀላድ ከተለካ በኋላ፣ እዚያው መስኩ ላይ፣ ጭቃ ሹሙ ባለበት ይሁን ተባለ። ልኬቱ ደግሞ ውሃው እስኪሸሽ መጠበቅ ነበረበት። ቀኛዝማች ኅዳር ዐሥራ ሦስትን ቀጠሩ። ዐሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፣ ይጠጣበታል፤ ዐሥራ አራት ቅዳሜ ነው፣ ገበያ አለባቸው። ዐሥራ ሦስት ብቻ ነበር የተረፋቸው። ጭቃ ሹሙ ቀኑን ሲሰማ ጺሙን እያሻሸ ፈገግ አለ። የሚነግረን ነገር እንደነበረው አሁን ይገባኛል። ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ያልተጠየቀ ጭቃ ሹም ደግሞ አይመልስም።

በዚያ ጠዋት አራት ሆነን ወረድን። ቀኛዝማች በበቅሎ፤ ቀላድ ጣዩ፣ ስንዝር ትከሻ ያለው ቀጭን ሰውየ፣ ረጅሙን የመለኪያ ገመድ እንደ ዘንዶ ተጠምጥሞ፤ ጭቃ ሹሙ በዱላው፤ እኔ በታኮ ጫማየ፣ ወረቀቱን በደረቴ አቅፌ። ውሃው ሸሽቷል። በመስከረም ያየሁት ባሕር ወገብ የሚደርስ ሣር ሆኗል። አንድም የከብት ጥርስ አልነካውም። ከእግሬ ሥር እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ነፍስ ያለው ነገር የለበትም፤ ወፉ ብቻ።

«ይኸው!» አሉ ቀኛዝማች። «ይህን የመሰለ ሣር ቆሞ የሚበላው የለም። ሰነፍ አገር!»

እኔም በልቤ «እውነትም ሰነፍ አገር» አልሁ። ይህን ያህል ሣር የማንም ካልሆነ፣ ማንም ሳይነካው እንዴት ቆመ? ይህችን ትንሽ ጥያቄ ማንሣት የተማረ ሰው ሥራ ነበር። የተማረው ሰው ግን ስለ ጎንደር እያሰበ ነበር።

ከመስኩ አፋፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ቡሬ ላሟን በገመድ ይዛ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይሆናል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋለች፤ እግሯ ባዶ ነው። ስናልፍ ለቀኛዝማች ብድግ ብላ እጅ ነሣች፤ እኔን ግን ከእግሬ ጀምራ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚያ ጫማ ወዴት ነው?»

«ለመንግሥት ሥራ፣» አልሁ ኮራ ብየ።

«እህ! መንግሥት ስለ ጫማ አልነገረሽም? ነይ ስሚኝ፤ አምና ላሞች የሄዱበትን ዱካ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ መሬቱ ጠንክሯል። ሣሩ ያማረበትን እንዳትረግጪ። ሣር ያማረበት መሬት ሆዱ ክፉ ነው።»

«እሽ፣ እናመሰግናለን፣» ብየ አለፍሁ። የአምና ዱካ እንዴት እንደሚታይ እንኳ አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል? ሰርተፊኬት ያለው ሰው ላም ይከተላል?

ቀላድ ጣዩ ሥራውን ጀመረ። ገመዱን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፣ ጭቃ ሹሙ ጫፉን ይይዛል፣ ቀኛዝማች «እልፍ በል! እልፍ በል!» ይላሉ። እልፍ ባለ ቁጥር መሬታቸው ይሰፋል፤ መሬታቸው በሰፋ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል። ወደ መሐል ስንገባ ከሁሉ የለመለመ፣ ዓይን የሚስብ ቦታ አዩ። «ይህንንማ ራሴ ነኝ የምረግጠው» ብለው በቅሏቸውን አዞሩ። ጭቃ ሹሙ «ጌታየ፣ እዚያስ…» ብሎ ጀመረ፤ ሳይጨርስ በቅሎዋ እስከ ሆዷ ሰጠመች።

ቀኛዝማች በአንገቷ ላይ ተንሸራተው በደረታቸው ወደቁ። ደግነቱ ሆዳቸው ቀድሞ ስለ ደረሰ ፊታቸው ተረፈ። እኔ ደግሞ፣ ልረዳ ብየ ይሁን ለመታየት ብየ፣ በአቋራጭ ሮጥሁ። በአቋራጩ ላይ ያለው ሣር በጣም ያማረ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፤ በአራተኛው እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ልወጣ ስታገል እስከ ጭኔ። ጃንጥላየን ተመርኩዤ ልነሣ ስል ጃንጥላዋም ገባች።

«አትንቀሳቀሽ!» ብሎ ጭቃ ሹሙ ከሩቅ ጮኸ። «በታገልሽ ቁጥር ይውጥሻል!»

መቆም ነበር ምርጫየ። ቆምሁ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ይዤዋለሁ፤ ነፍሴ ሳይሆን ወረቀቱ እንዳይረጥብ! ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፤ ቀስ እያለ እግሬን ይስባል። ቀኛዝማች ወዲያ ማዶ ይሳደባሉ፣ በቅሎዋ ታቃስታለች፣ ቀላድ ጣዩ «ጌታየ ገመዱን ልልቀቀው ወይስ ልያዘው?» እያለ ይጠይቃል።

ያን ጊዜ ነው ከኋላችን፣ ከአፋፉ ላይ፣ አንድ የወንድ ድምፅ የተሰማው።

«ተከፍቷል!»

ከዚያ እልልታ። እልልታውን ተከትሎ ምን እንደሆነ ያላወቅሁት ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ። ጭቃው ዙሪያየን መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ርብ ወንዝ ተመልሷል።

«ውሃው መጣ!» ብየ ጮኽሁ። «ውሃው መጣ፣ አውጡኝ!»

አንገቴን አዞርሁ። ውሃ አልነበረም። ላም ነበር። አፋፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁርና ነጭ ሆኗል፤ ላም፣ በሬ፣ ጊደር፣ ጥጃ፣ ተቆጥሮ የማያልቅ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኛ ይወርዳል። «ከብት የማይሰማራበት» ብየ የጻፍሁበት መስክ ላይ፣ ከብት ሊረግጠኝ ነበር።

እንደምሞት ርግጠኛ ሆንሁ። ሰው በዚህ ጊዜ ስለ ነፍሱ ያስባል ይባላል። እኔ ያሰብሁት፣ ጎንደር ላይ እናቴ ለቀስተኛው «ልጅዎ በምን ሞተች?» ሲላት «በላም» ብላ ስትመልስ ነው።

የፊተኞቹ ላሞች ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ለሁለት ተከፈሉ። ማንም አልመራቸውም። ለካስ ያችን ቦታ ከአስተማሪዋ ይበልጥ ያውቋታል። አንዱ ጎርፍ በቀኜ፣ አንዱ በግራየ፣ እስትንፋሳቸው ፊቴን እስኪያሞቀኝ ድረስ ተጠግተው አለፉ። አንዷ ብቻ ከመሐል ቀርታ ወደ እኔ መጣች፤ ያች ቡሬ ላም ናት። ከኋላዋ ያች ሴትዮ።

«አላልሁሽም?» አለች። ስትስቅ ሁለት ጥርሷ እንደሌለ አየሁ። ላሟን በጠንካራው ዱካ ላይ አዙራ አቆመችና «በይ፣ ጭራዋን ያዢ» አለችኝ።

«ምን?»

«ጭራዋን! ወረቀቱን ጣይው።»

«ወረቀቱን አልጥልም!»

«እንግዲያ በአንድ እጅሽ ያዢ። ወይ ጉድ፣ የተማረ ሰው ሲሞት እንኳ ጽሑፉን ይዞ ነው!»

ያዝሁ። ላሟን ጀርባዋን መታ አደረገቻት። ላሟ ሳበች፤ እኔ ጮኽሁ፤ ጭቃው «ጧ» ብሎ ለቀቀኝ። ሁለቱም ጫማዎቼ ቀሩ። የመምህራን ማሠልጠኛ ምሩቅ፣ የቀኛዝማች ምስክር፣ በላም ጭራ ተጎትቼ በሆዴ ወጣሁ።

ጠንካራው መሬት ላይ ተቀምጬ ስንቀጠቀጥ ነጠላዋን አውልቃ ፊቴን ጠረገችልኝ። ብርቄ እባላለሁ አለችኝ።

«እትየ ብርቄ፣ ይህ ሁሉ ከብት ከየት መጣ?» አልኋት። «እኔ በመስከረም ሳየው አንድም አልነበረም እኮ።»

«በመስከረም ምን ላም ትፈልጊያለሽ? ውሃ ሲመጣ ከብቱ ወደ ደጋው ይወጣል። ውሃው ሲሸሽም ማንም ዘሎ አይገባም። ሣሩ ጠጥቶ፣ አድጎ፣ ዘሩን እስኪጥል መስኩ ዝግ ነው። በየቤቱ ተራ አለን፤ ሌትና ቀን እንጠብቀዋለን። ሳይከፈት ላሙን ያስገባ ሰው በግ አርዶ ለጠባቂው ያበላል፤ ከዕድርም ይወጣል። ሚካኤል ባለፈ በማግስቱ የመስክ ዳኛው ‹ተከፍቷል› ሲል ሁሉም እኩል ይገባል።»

«ሁሉም?»

«ባለ መቶ ላሙም፣ እኔም። ባሌ ሲሞት ርስቱን ወንድሞቹ ወሰዱት፣ ልጅ አልወለድሁማ። እርሻ ከፈለግሁ የእነሱን ደጅ መጥናት አለብኝ፤ ማገዶ ከፈለግሁ ደጅ መጥናት፤ ከቤቴ ለመቆየትም ደጅ መጥናት።» ላሟን በአገጯ አሳየችኝ። «እዚህ ግን የማንንም ደጅ አልጠናም። እዚህ ‹የማን ነሽ› የሚለኝ የለም። ይቺ ላም አፏን ከሃብታሙ ላም አጠገብ ነው የምትከት።»

በደረቴ ያቀፍሁት ወረቀት ከበደኝ። በጭቃ የተለወሰ ነው፤ ጽሑፉ ግን፣ ምን ያደርጋል፣ ጥሩ ቀለም ነበር የተጠቀምሁት፣ ይነበባል።

እስከዚያ ድረስ ባለከብቶቹ ቀኛዝማችን ከበዋቸዋል። ለማዳን ነው። ከሁሉ የሚረዝመውን ሽማግሌ አያ ደሴ ይሏቸዋል፤ የመስክ ዳኛው እሳቸው ናቸው። በቅሎዋን ለማውጣት ገመድ አስፈለገ። ገመድ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«የለም! የለም!» አለ ቀላድ ጣዩ ገመዱን አቅፎ። «ይህ መለኪያ ነው፣ የመንግሥት ነው!»

«በቅሎዋስ የማን ናት?» አሉት አያ ደሴ በትሕትና።

ገመዱን በበቅሎዋ ደረት አዙረው ሃያ ጎልማሳ ሳበው። በቅሎዋ ወጣች። ገመዱም ወጣ፤ ግን አንድ ክንድ ተኩል ያህል ረዝሞ፣ መሐሉ ቀጥኖ። ቀላድ ጣዩ ክንድ በክንድ ሲለካው ከቆየ በኋላ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ተሳበ! ከእንግዲህ በዚህ የለካሁት ሁሉ ውሸት ነው!» አለ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ገመድህስ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እውነተኛ ነበር፤ የኔ ብዕር ከመስከረም ጀምሮ እንደተሳበ ነው አልሁ።

ቀኛዝማች ተነሡ። ከአንገት በታች ጭቃ ናቸው፤ ሕዝብ ከብቧቸዋል፤ ውርደቱን የሚያጥቡበት ነገር ይፈልጋሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አምጭው ወረቀቱን!» ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። «ሰማህ፣ የፎገራ ሰው! ይህ መሬት ጠፍ ነው። የተማረ ሰው የመሰከረበት ነው!» ከዚያም ድምፃቸውን እንደ ዳዊት ደጋሚ ከፍ አድርገው አነበቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አምስት መቶ ሰው ባለበት፣ ላሞቹ ሣሩን «ርች ርች» እያደረጉ በሚግጡበት መሐል። «ከብት የማይሰማራበት» ሲሉ አንድ በሬ ከኋላቸው አገሳ።

አንድ ጎልማሳ «ኧረ አያ ደሴ፣ እኛ ከየትኛው ነን? ከወፉ ነን ወይስ ከእንቁራሪቱ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተማ እንቁራሪት ነህ፣» አለው ሌላው፣ «በማኅበር ስትዘፍን ሰምተንሃል!»

ሜዳው በሣቅ ተናጋ። የተሣቀበት ግን የኔ ጽሑፍ ነው። ያች «በዓይኔ አይቼ» የምትለዋ ያማረች ቃል። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ጮኾ ጽሑፌን አንብቦልኝ አያውቅም፤ እንዲያነብልኝም አልመኝም።

ያልሣቀችው እትየ ብርቄ ብቻ ናት። «ይህን ማን ነው የጻፈው?» አለች።

ማንም አላየኝም። ጭቃ ሹሙ ወደ ጫማው፣ ቀላድ ጣዩ ወደ ገመዱ ያያሉ። ዝም ብል ቀኛዝማች ራሳቸው ጻፉት ይባል ነበር። አምሮኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እግሬ ከጭቃው የወጣው ገና አሁን፣ በዚያች ሴትዮ ላም ጭራ ነው።

«እኔ ነኝ፣» አልሁ።

«አንቺ?»

«በመስከረም… ከጉብታው ላይ ሆኜ አይቼ።»

«ከጉብታው ላይ!» ቁጣ አልነበረባትም፤ ይህ ነው የባሰብኝ። ግራ ነው የገባት። «ልጄ፣ የተዘጋ ቤት ብታዪ ባለቤት የለውም ትያለሽ? የዘጋውስ ማን ሊሆን ነው?»

አራት ዓመት ተምሬ፣ ሰው ሁሉ ለሕጉ ብሎ እጁን የሰበሰበበትን ቦታ ማንም የማይፈልገው አድርጌ ጻፍሁት። ሕጋቸውን ስላከበሩ ነው መሬታቸውን ልቀማቸው የነበረው።

ቀኛዝማች ብዕራቸውን አወጡ። «ወሬውን ተዪና ፈርሚ።»

«አልፈርምም፣ ጌታየ።»

«ምን አልሽ?»

«የጻፍሁት ውሸት ነው። ሳላይ ነው አየሁ ያልሁት።»

«ጎንደር አትፈልጊማ?» አሉኝ በሕዝቡ ፊት። አሁን ዋጋየን ሁሉም ሰማ።

«እፈልጋለሁ፣» አልሁ። «ዛሬውኑ ብሄድ ደስ ይለኛል። ግን አልፈርምም።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ያች ጥያቄ! በሌላ ቀን ደሜን ታፈላው ነበር። ከኔ በፊት አያ ደሴ መለሱላቸው። «ጌታየ፣ እዚህ ያ አይጠየቅም። እርስዎም ቢሆኑ አይከፋብዎ፤ ላም ካለዎ ለከርሞ ለሚካኤል ማግስት ይዘው ይምጡ። እንደማንም ሰው ይገባሉ። አስቀድመው ግን የጥበቃ ተራዎን ይወጣሉ።»

ቀኛዝማች በጭቃ በቅሎ ላይ በጭቃ ሱሪ ተቀምጠው ሄዱ። ጭቃ ሹሙ ሸኛቸው፤ የሱሪያቸውን ቀለም ለማወቅ ግን ሁለት ጊዜ ማጠብ ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ልቤ ተለወጠ፣ አገሩን ወደድሁት» ማለት ነበረብኝ። ቆይ፣ አትቸኩሉ፤ መቸኮል የኔ ሥራ ነው። ለገና ጎንደር አልሄድሁም። ስላልፈለግሁ አይደለም፣ ስላልላኩኝ ነው። ቃሌን ማንሣቴን በደብዳቤ ለበላይ ጻፍሁ፤ የመጣልኝ መልስ ከማይመለከተኝ ነገር እንድርቅ የሚያስጠነቅቅ ነው። ይህን ሁሉ ማመልከቻ ጽፌ የመጀመሪያው መልሴ እሱ ሆነ። ትንኙም ዛሬም ይነክሰኛል፤ ስለ መስኩ ያደረግሁትን ገና አልሰማም።

የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው። ከትምህርት በኋላ ወደ መስኩ መውረድ ጀመርሁ። በባዶ እግሬ፣ በላም ዱካ። ምን እንደማደርግ ብትጠይቁኝ፣ ምንም። ወፍ አያለሁ። ስማቸውን አላውቅም። አባቴ ርስት የለውም፤ የምኖርበት ቤት የአከራየ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ መንገድ ላይ ብሄድ የማን እንደሆንሁ እጠየቃለሁ። በዚህ ሰፊ አገር ውስጥ የማንንም ፈቃድ ሳልለምን የምቆምበት መሬት ያ ብቻ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ቦታ አላችሁ፤ ወንዝ ዳር፣ ጫካ፣ የማንም ያልሆነ ጋራ። ስላልከፈላችሁበት የናንተ መሆኑን አታውቁትም። አንድ ቆንጆ ጽሕፈት ያላት ሴት ከጉብታ ላይ ሆና እስክትጽፍበት ድረስ።

ቀኛዝማችም አልተኙም። በተከታዩ ክረምት፣ በነሐሴ፣ መሬቱን የሚያይ መርማሪ እንደሚመጣ ተሰማ። በነሐሴ! መስኩ ውሃ ለብሶ በተዘጋበት ወር። አገሬው ተሰበሰበ፤ እኔንም ጠሩኝ።

«ከብቱን እናስገባ፣» አልሁ ሳልጠየቅ። «መርማሪው ላም ያያል፣ ነገሩ ያልቃል።»

ብዙ ሰው ሐሳቤን ወደደው። እትየ ብርቄ ግን ተነሣች። «በእርጥብ መሬት ላይ ላም ከገባ ሣሩ ከሥሩ ይሞታል። መስኩን እንዳይወስዱብን ብለን እኛው እንግደለው?»

እውነቷን ነበር። ዝግ ሆኖ ቆየ።

መርማሪው በመኪና መጣ። ወጣት ነው፣ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ብዕሩን አውጥቷል። ራሴን በመስተዋት ያየሁ መሰለኝ። ከመኪናው ሳይወርድ ሊጽፍ ሲል ግን ያየው ባዶ ውሃ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ነበር፤ አንድም ላም ሳይኖረው፣ ጋቢና ዱላ ብቻ ይዞ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከእትየ ብርቄ አጠገብ ቆሜአለሁ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ ወርዶ።

«ዝግ ነው፣ ጌታየ፣» አሉት አያ ደሴ። «እስከ ኅዳር ሚካኤል።»

«ኅዳር ድረስ መቆየት አልችልም፣ ዛሬ ሪፖርት አለብኝ!»

«ሣሩ ይቆያል፣» አለችው እትየ ብርቄ፣ «አንተን ምን አስቸኮለህ?»

ብዕሩን እንደያዘ ውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። እኔ በእሱ ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደነበር አስታወስሁ። ከዚያ ክዳኑን ገጠመው። ኅዳር ዐሥራ ሦስት ተመልሶ መጣ፤ በባዶ እግሩ፣ እትየ ብርቄ ባሳየችው ዱካ ሄዶ፣ ከብቱ ሲወርድ አየ። የጻፈውን ወረቀት ለሕዝቡ እንዳነብለት ለኔ ሰጠኝ።

«ይህ መሬት የነዋሪው የወል ግጦሽ ነው፤ ለግለሰብ አይሰጥም» ይላል።

እልልታው ሲቀልጥ እትየ ብርቄ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ገልብጣ አየችው፤ መልሳ ሰጠችኝ።

«እና ይህን ለማወቅ ነው፣» አለችኝ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት የምትቀመጡት?»

ብላ ላሟን ተከትላ ገባች።